አቅማቸው የተለያየ ሰዎች የጋራ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ፦ ለአሰላና ለአርሲ ደጋማ አካባቢዎች ነዋሪዎች የቀረበ መረጃ

መግቢያ

በአሰላና በበቆጂ ንጋት ላይ በቡድን ሆነው የሚሮጡ ወጣቶችን ማየት የተለመደ ነው። የአርሲ ደጋ እነ ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ኃይሌ ገብረሥላሴን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራ ምድር በመሆኑ የአካባቢው ስም ከሩጫ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ይሁን እንጂ በዚህ ምድር የሚኖረው ሰው ሁሉ ሯጭ አይደለም። ቀኑን በወንበር ላይ የሚያሳልፍ የቢሮ ሠራተኛ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሱቅ የሚጠብቅ ነጋዴ፣ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ከወለደች ጥቂት ወራት የሆናት እናት፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አባት፣ ሁሉም የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል። ብዙዎቹም የመጀመሪያውን እርምጃ የሚጀምሩት ከእነርሱ የተሻለ አቅም ካለው ሰው ጋር ነው፤ ከትዳር አጋር፣ ከልጅ፣ ከወንድም ወይም ከሥራ ባልደረባ ጋር።

ችግሩ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። ጀማሪው ከአጋሩ እኩል ለመሆን ሲጣጣር ይጎዳል፣ ወይም ወደ ኋላ መቅረቱ አሳፍሮት በሁለተኛው ሳምንት ያቆማል። ልምድ ያለው ደግሞ ሁልጊዜ ፍጥነቱን ሲቀንስ የራሱ ልምምድ ስለሚጓደልበት ቀስ በቀስ ለብቻው መውጣት ይጀምራል። በሁለቱም መንገድ የሚቀረው ለጤና እጅግ አስፈላጊ የነበረው የጋራ ልማድ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ አቅማቸው የተለያየ ሁለት ሰዎች አንዱ ሳይጎዳ፣ ሌላውም ሳይሰለች አብረው የሚዘልቁበትን መንገድ ያብራራል። መሠረቱ አንድ ነው፦ አጋሮች ሊጋሩት የሚገባው ጊዜንና ጥረትን እንጂ ፍጥነትን አይደለም።

1. እኩል ፍጥነት እኩል ጫና አይደለም

ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን በአንድ ፍጥነት ቢጓዙም ሰውነታቸው የሚሸከመው ጫና የተለያየ ነው። ይህን በምሳሌ ማየት ይቻላል። የአንድ ጀማሪ ከፍተኛው አቅም በዕረፍት ጊዜ ከሚጠቀመው ኦክስጅን 7 እጥፍ፣ የአጋሩ ደግሞ 14 እጥፍ ነው እንበል። በሜዳ ላይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር መራመድ በዕረፍት ጊዜ ከሚያስፈልገው ኦክስጅን 3.5 እጥፍ ያህል ይጠይቃል። ይህ ለጀማሪው የአቅሙ ግማሽ ሲሆን ለአጋሩ ሩብ ብቻ ነው። ሁለቱ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ሶምሶማ ልሩጥ ቢሉ ግን የሚጠየቀው ወደ 8 እጥፍ ከፍ ይላል። ልምድ ላለው ሰው ይህ ከአቅሙ 60 በመቶ የማይሞላ ምቹ ሩጫ ነው፤ ለጀማሪው ግን ከአቅሙ በላይ ስለሆነ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንዲቆም ያስገድደዋል።

ከዚህ የምንረዳው ጀማሪው የሚቆመው በስንፍና ወይም በቁርጠኝነት ማነስ ሳይሆን የተሸከመው ጫና በእጅጉ ስለሚበልጥ መሆኑን ነው። ሁለቱ እኩል ደከሙ የሚባለው ጀማሪው በፈጣን እርምጃ ሲጓዝ አጋሩ ደግሞ በራሱ ፍጥነት ሲሮጥ ነው።

2. ከፍታው የሚጨምረው ልዩነት

አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ በቆጂ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በየትኛውም ከፍታ ተመሳሳይ ቢሆንም፣ ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። በአሰላ ይህ መጠን በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ዝቅ ይላል። በአካባቢው ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ይህን ስለለመደ ልዩነቱ አይሰማውም። ከቆላ ወይም ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ ግን በአገሩ በቀላሉ የሚሮጠውን ርቀት እዚህ ሲሞክር ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል።

በመሆኑም በበዓል ወይም በዕረፍት ወቅት ከዘመድ ጋር ስፖርት የሚሠሩ የአካባቢው ነዋሪዎች እንግዳቸውን እንደ ጀማሪ መቁጠር ይኖርባቸዋል። ከአሰላ 700 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ ከምትገኘው አዳማ የመጣ ሰው እንኳ ልዩነቱ ሊሰማው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት በእርምጃና በቀላል ሶምሶማ መወሰን፣ በቂ ውኃ መጠጣትና በቂ እንቅልፍ መተኛት ይመከራል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ያልተለመደ ድካም ከታየ እስኪሻል ድረስ እንቅስቃሴውን ማቆም ያስፈልጋል።

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጭላሎ ተራራ በጋራ ለመውጣት ሲታሰብ ጥንቃቄው ከዚህም ይጠብቃል። በተራራ ጉዞ ፍጥነቱን የሚወስነው የቡድኑ ደካማ አባል ነው። እርሱ ከፊት ይቀመጣል፣ ጠንካራው ከኋላ ይከተላል። ከቡድኑ አንዱ ከታመመ ሁሉም አብረው ይመለሳሉ፤ የታመመውን ሰው ብቻውን ትቶ መውጣትም ሆነ ብቻውን ወደ ታች መላክ አይገባም።

3. ጥረትን የመለኪያ ቀላል ዘዴ

ጥረትን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም፤ የንግግር መለኪያ ይበቃል።

• ቀላል ጥረት፦ ሰውየው እየተንቀሳቀሰ መዘመር ይችላል።
• መካከለኛ ጥረት፦ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ይችላል፣ መዘመር ግን አይችልም።
• ከፍተኛ ጥረት፦ ከጥቂት ቃላት በኋላ ለመተንፈስ ማቋረጥ ይኖርበታል።

አብረው የሚንቀሳቀሱ ሰዎች ይህን መለኪያ ለመጠቀም ምቹ ሁኔታ አላቸው፤ መጨዋወታቸው ራሱ መለኪያ ነውና። ይሁን እንጂ አንድ ስሕተት በተደጋጋሚ ይታያል። ልምድ ያለው ሰው ያለማቋረጥ ሲያወራ ጀማሪው በ«እህ» እና በ«አዎ» ብቻ እየመለሰ ሊጓዝ ይችላል። ሁለቱ እየተነጋገሩ ያሉ ቢመስልም ጀማሪው ከከፍተኛ ጥረት ላይ ደርሷል። ስለዚህ በየ10 ደቂቃው ጀማሪው ረዘም ያለ መልስ የሚሻ ጥያቄ ይጠየቅ፤ መመለስ ካቃተው ፍጥነቱ ይቀነስ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ዐዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከፍተኛ ጥረት ያለው እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ በተጨማሪም ቢያንስ በሳምንት 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠናክር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል። መመሪያው የሚለካው ደቂቃና ጥረትን እንጂ ኪሎ ሜትርን አይደለም። በመሆኑም በእርምጃ 30 ደቂቃ የተጓዘ ጀማሪ ለጤናው የሚያስፈልገውን ሠርቷል፤ አጋሩ በዚያው ጊዜ እጥፍ ርቀት መሸፈኑ ከዚህ አንዳች አይቀንስበትም።

4. አብሮ ለመሥራት የሚያስችሉ ዘዴዎች

ሀ. በሰዓት ሄዶ መመለስ። ሁለቱ ከአንድ ቦታ አብረው ይነሣሉ፤ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። 15 ደቂቃ ሲሞላ ሁለቱም ባሉበት ዞረው ይመለሳሉ። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚራመደው 1.25 ኪሎ ሜትር፣ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጠው ደግሞ 2.5 ኪሎ ሜትር ላይ ይዞራሉ፤ ፍጥነታቸውን ከጠበቁ በ30ኛው ደቂቃ መነሻቸው ላይ ይገናኛሉ። አንዱ ሌላውን መጠበቅ አያስፈልገውም። የአሰላ አካባቢ መንገድ ዳገትና ቁልቁለት የሚበዛበት በመሆኑ በተቻለ መጠን ሜዳማውን መምረጥ ያስፈልጋል፤ ካልተቻለ መሄጃው ዳገት፣ መመለሻው ቁልቁለት ቢሆን ይሻላል፤ የደከመው ሰው ሲመለስ ይቀለዋልና።

ለ. አስቀድሞ መነሣት። ጀማሪው ቀድሞ ይወጣል፣ ልምድ ያለው ዘግይቶ ይከተላል። ለምሳሌ በ3 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ጀማሪው በእርምጃ 36 ደቂቃ፣ አጋሩ በሩጫ 18 ደቂቃ ቢፈጅባቸው፣ ሁለተኛው ከ18 ደቂቃ በኋላ ቢነሣ በአንድ ላይ ይደርሳሉ። ይህ ዘዴ ለልጆችና ለወላጆች እጅግ የሚስማማና ጨዋታ ያለበት ነው።

ሐ. በሜዳ መዞር። ስታዲየም ወይም የትምህርት ቤት ሜዳ ባለበት ሁሉ ይቻላል። ጀማሪው በውስጠኛው፣ ሯጩ በውጪው መስመር ይዞራሉ፤ ወይም በተቃራኒ አቅጣጫ ዞረው በየዙሩ ይገናኛሉ። አንዱ ከሌላው ዓይን ስለማይርቅ ለአረጋውያንና የጤና እክል ላለባቸው ሰዎች ይህ ከሁሉም የተሻለ አስተማማኝ ዘዴ ነው።

መ. ዞሮ መቀላቀል። ልምድ ያለው ለ3 ደቂቃ ያህል ፊት ለፊት ሮጦ ይመለሳል፣ ከጀማሪው ጀርባ ዞሮ እንደገና ይቀላቀለዋል። ለእርሱ ይህ የፍጥነት ልምምድ ይሆንለታል፤ ጀማሪው ግን እርምጃውን አይለውጥም።

ሠ. ዳገት መደጋገም። ሁለቱ ከዳገቱ ግርጌ አብረው ይነሣሉ፣ 1 ደቂቃ ይወጣሉ፣ ከደረሱበት ተመልሰው ግርጌው ላይ ይገናኛሉ። አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ቢዞርም መነሻቸው አንድ ነው። ጀማሪው ዳገቱን በእርምጃ ይወጣል።

ረ. የጥንካሬ እንቅስቃሴ። በግቢ ወይም በቤት ውስጥ የሚሠራው የጡንቻ ማጠናከሪያ የአቅም ልዩነት ብዙም የማያስቸግርበት ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ በተለያየ ደረጃ ይሠራሉ። ፑሽ አፕ ሲሠሩ ጀማሪው ግድግዳ ተደግፎ ወይም በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ አጋሩ ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ ሊሠራ ይችላል። ቁጭ ብድግ ሲሠሩም ጀማሪው ከወንበር ላይ ይነሣል። ቁጥር ከመቁጠር ይልቅ ለሁለቱም 30 ሴኮንድ መስጠት ከውድድር ስሜት ያድናል።

ሰ. ቀላል ቀንን መጋራት። ጠንካራ ሯጮች ከከባድ ልምምድ በኋላ ሰውነታቸው እንዲያገግም ዝግ ያለ ቀን ያስፈልጋቸዋል። ይህ ቀን ከጀማሪው ጋር ለመውጣት የተመቸ ነው፤ ለአንዱ ማገገሚያ የሆነው ለሌላው ዋና ልምምድ ይሆናልና። ጠንካራው አጋር የራሱን ከባድ ልምምድ የሚሠራበት ሌላ ቀን ስላለው በዚህ ቀን ፍጥነቱን መቀነሱ እንደ ኪሳራ አይሰማውም።

5. የአንድ ሳምንት መርሐ ግብር ምሳሌ

ሰኞ፦ 30 ደቂቃ አብሮ ፈጣን እርምጃ፤ ለልምድ ያለው ቀላል ቀን።
ማክሰኞ፦ ልምድ ያለው ለብቻው፤ ጀማሪው ዕረፍት።
ረቡዕ፦ 25 ደቂቃ አብሮ የጥንካሬ እንቅስቃሴ።
ሐሙስ፦ 40 ደቂቃ በሰዓት ሄዶ መመለስ።
ዓርብ፦ ለሁለቱም ዕረፍት።
ቅዳሜ፦ 30 ደቂቃ በሜዳ መዞር፣ ከዚያም 20 ደቂቃ የጥንካሬ እንቅስቃሴ።
እሑድ፦ 50 ደቂቃ አብሮ እርምጃ፣ ቢቻል ከቤተሰብ ጋር።

በዚህ መርሐ ግብር ጀማሪው ከጥንካሬ እንቅስቃሴው ሌላ 150 ደቂቃ ያገኛል። ከዚህ በፊት ምንም እንቅስቃሴ ያላደረገ ሰው ግን ከግማሹ ጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ መጨመር አለበት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ፍጥነት ከመጨመር በፊት ደቂቃን መጨመር ይቀድማል። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከመጀመሩ በፊት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሰውነትን ማሟሟቅ፣ ሲያበቃም በዝግታ እየተራመዱ ትንፋሽን ማረጋጋት ያስፈልጋል። የደጋው ማለዳ ብርዳማ በመሆኑ ማሟሟቁን ማሳጠር አይገባም። እነዚህ ሁለቱ ክፍሎች ዘወትር በጋራ ቢሠሩ በመካከሉ ተለያይተው የሠሩ አጋሮችም አብረው እንደዋሉ ይሰማቸዋል።

6. ስምምነትና መከባበር

ከቤት ከመውጣት በፊት ሦስት ነገሮች ላይ መስማማት ይገባል፦ በስንት ሰዓት እንመለሳለን? የምንገናኘው የት ነው? አንዳችን ብንደክም ምልክቱ ምንድን ነው? ምልክቱ እጅ ማንሣት ሊሆን ይችላል፤ ምልክቱ ሲሰጥ ማብራሪያ ሳይጠየቅ ፍጥነቱ ይቀነሳል። ጀማሪው «ደከመኝ» ለማለት ምክንያት መደርደር የለበትም።

«አይዞህ»፣ «አይዞሽ» የሚለው ቃል በአገራችን የማበረታቻ ቃል ነው። ይሁን እንጂ ትንፋሽ ላጠረው ሰው በተደጋጋሚ ሲባል ማስገደጃ ሊሆን ይችላል። በሌሎች ፊት መቀለድ፣ ከሌላ ሰው ጋር ማወዳደር፣ «እኔ በአንተ ዕድሜ» ማለት ሰውን ከስፖርት የሚያርቁ ልማዶች ናቸው።

ስለ መጠባበቅ የአገራችን ታላላቅ ሯጮች ያሳዩት አብነት ጠቃሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የአቴንስ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን በጉዳት ላይ የነበረው ኃይሌ ገብረሥላሴ ወደ ኋላ ሲቀር ዞር ብለው እየተመለከቱ ፍጥነታቸውን በመቀነስ ጠብቀውታል። መከተል እንደማይችል በታወቀ ጊዜ ደግሞ ሩጫቸውን ቀጥለው ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር አገኙ፤ ኃይሌም አምስተኛ ሆኖ ፈጸመ። እ.ኤ.አ. በ2009 የኒው ዮርክ ማራቶን ደራርቱ ቱሉ ወደ ኋላ መቅረት የጀመረችውን እንግሊዛዊቷን ፓውላ ራድክሊፍን እንድትከተላት አበረታታት ነበር፤ ከዚያም በራሷ አቅም ሮጣ አሸነፈች። ከሁለቱም የምንማረው አጋርን መጠበቅና ማበረታታት ክብር እንደሆነ ሁሉ፣ ጊዜው ሲደርስ እያንዳንዱ በራሱ አቅም መሄዱም ክህደት እንዳልሆነ ነው።

7. ልዩ ትኩረት የሚሹ አጋሮች

ልጆችና ወላጆች። ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመከራል፤ ነገር ግን ረጅም ርቀትን በአንድ ፍጥነት ከመሸፈን ይልቅ ሮጥ ብሎ ማረፍ ይስማማቸዋል። ልጅን በወላጅ ርቀትና ፍጥነት ማሠልጠን ተገቢ አይደለም።

ዓይነ ስውራንና አስሮጮቻቸው። በፓራሊምፒክ ሙሉ በሙሉ ማየት የማይችሉ ሯጮች ከአስሮጫቸው ጋር በአጭር ማሰሪያ ተያይዘው ይሮጣሉ። አስሮጩ ከሯጩ ጋር እኩል መራመድ የሚችል መሆን አለበት፤ የመጨረሻውን መስመር ግን ከሯጩ ቀድሞ እንዲያልፍ ሕጉ አይፈቅድለትም። ያየሽ ጌቴ እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ፓራሊምፒክ በ1,500 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘችው በዚህ ዓይነት ውድድር ነው። የጠንካራው አጋር ድርሻ ምን እንደሆነ ከዚህ ሕግ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

አረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮች፣ እንዲሁም በቅርቡ የወለዱ እናቶች ከመጀመራቸው በፊት የጤና ባለሙያ ማማከር ይገባቸዋል። በቀበሌ የሚገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ወደ ሚመለከተው ጤና ተቋም ሊመሯቸው ይችላሉ። ለልብ ወይም ለደም ግፊት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚቀንሱ ጥረትን በልብ ምት መለካት ሊያሳስት ይችላል፤ ለእነዚህ ሰዎች የንግግር መለኪያው ይሻላል። በመርፌ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው አጋሩ የስኳር ማነስ ምልክቶችን እንዲያውቅ አስቀድሞ ሊነግረው፣ ስኳር ወይም ከረሜላም ሊይዝ ይገባል።

8. ወዲያውኑ ማቆም የሚያስፈልግባቸው ምልክቶች

የደረት ሕመም ወይም መጨነቅ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዛመት ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም ማዞር፣ በዕረፍትም የማይሻል የትንፋሽ ማጠር፣ ድንገተኛ የልብ ምት መዛባት ከታየ እንቅስቃሴው በፍጥነት ይቁም፤ ሰውየውም ሳይዘገይ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ይወሰድ። አብሮ የመውጣት ትልቁ ጥቅም የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው፤ ብቻውን የወጣ ሰው የሚደርስለት ላያገኝ ይችላልና። በዚህ ምክንያት ተለያይተው የሚሮጡ አጋሮች በተቀጣጠሩት ሰዓት ካልተገናኙ የቀረውን መፈለግ የሌላው ግዴታ ነው። ጎሕ ሳይቀድ መውጣት ካስፈለገም ሁለቱ አይለያዩ፤ መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር ደማቅ ቀለም ያለው ልብስ ይልበሱ። በክረምት መንገዱ ጭቃማና አንሸራታች ስለሚሆን ቁልቁለትን በእርምጃ መውረድ ይመከራል።

ማጠቃለያ

የአርሲ ደጋ በዓለም የታወቀው በፈጣኖቹ ነው። የማኅበረሰቡ ጤና የሚጠበቀው ግን ፈጣኑ ዝግተኛውን ይዞ ሲወጣ ነው። ከእያንዳንዱ ሯጭ ጎን አንድ ጀማሪ ቢኖር፣ ሁለቱም በሰዓቱ ተነሥተው እያንዳንዱ በአቅሙ ጥሮ በአንድ ቦታ ቢገናኝ፣ የቤተሰብና የጎረቤት ስፖርት ልማድ ይሆናል። ለመጀመር የሚያስፈልገው ምቹ ጫማ፣ የተስማሙበት ሰዓትና «በአንተ አቅም»፣ «በአንቺ አቅም» ለማለት የተዘጋጀ አጋር ነው።